«ዲሪ» አሉኝ፤ «ዲር» ሰማሁ

ልጄን ሳልጠይቅ ይህን ለማንም አልናገርም ነበር። ጠየቅኳት። «ጻፊው፤ ግን እኔን ጥሩ አድርገሽ እንዳትጽፊኝ» አለችኝ። ስለዚህ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

የተወለድኩት ወሎ ነው፤ ከደሴ ብዙም በማይርቅ ገጠር። ሀርጌሳ የመጣሁት ባለቤቴን ተከትዬ ነው። ግንበኛ ነበር። በመጣን በሁለተኛው ዓመት ከሚሠራበት ፎቅ ላይ ወድቆ ሞተ። አላህ ይዘንለት። ልጃችን ሰሚራ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር።

ያስጠጉን ኤዶ ሚልጎ ናቸው። «ኤዶ» በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ይጠራቸዋል። ኮድቡር በሚባል ሰፈር ውስጥ ሰፊ ግቢ ነበራቸው። ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ናቸው። በግቢው ጥግ ካለችው ክፍል አስገቡን። እኔ አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ ግቢውን እጠርጋለሁ፤ እኛ እንኖራለን፣ እንበላለን። ከዚያ በላይ የተነጋገርነው ውል አልነበረም። ለዚህ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። የሚቀጥለውን ስታነቡ ይህን አትርሱብኝ።

ሶማልኛ አላውቅም ነበር። አራት ዓመት ኖሬ የማውቀው የወጥ ቤቱን ያህል ብቻ ነው፤ አምጪ፣ እጠቢ፣ ላጪ፣ ቁረጪ። ሌላውን ሁሉ «ሃ» እያልኩ አልፈዋለሁ። «ሃ» አዎ ማለት ነው። ገባኝም አልገባኝም «ሃ» እላለሁ። «አልገባኝም» ያለች ሠራተኛ የማትረባ ትመስለኝ ነበር። ከበድ ያለ ነገር ሲኖር ሰሚራ ታስተረጉምልናለች። እሷ በመንገድና በዱግሲ፣ ማለት በቁርኣን ቤት፣ ቋንቋውን እንደ አገሬው ልጅ ይዛው ነበር። ኤዶ ከእኔ ይልቅ ከእሷ ጋር ያወሩ ነበር። ሲስቁም ከእሷ ጋር ነው።

ኤዶ ዶሮ ይወዳሉ። መውደድ ብቻ አይደለም። ጦርነቱ ጊዜ ተሰደው ከስደት ሲመለሱ ይዘው የመጡት ሁለት ነገር እንደሆነ ይናገሩ ነበር፤ ቁርኣናቸውንና አንዲት ቄብ። በግቢው ያለው ዶሮ ሁሉ የእሷ ዘር ነው። ከገበያ ዶሮ ገዝተው አያውቁም። ዘሯ ሳይቀላቀል እንዲቆይ አውራውንም ከራሷ ልጆች ያስቀሩ ነበር።

በአራተኛው ዓመታችን የዶሮ በሽታ፣ ፈንግል፣ ገባ። ጠዋት አንዷ አንገቷን አጣማ ተገኘች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግቢው ባዶ ሆነ። አውራውም ሞተ። የቀረችው አንዲት ገብስማ ዶሮ ናት። በሽታው ከመግባቱ በፊት ኤዶ በማሽላ ውስጥ ቀብረው ያስቀመጧቸው አሥራ ሁለት እንቁላሎች ነበሩ። ገብስማዋ እንደ ተአምር ተረፈች፤ ታቀፈችም። ኤዶ በየቀኑ አንዳንድ የተምር ፍሬ መስኮቱ ላይ እየደረደሩ ቀን ይቆጥሩ ጀመር። ሃያ አንድ ሲሞላ ይፈለፈላል።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ድመት ገብስማዋን በላት። እህል ልትለቅም ለአፍታ ብትወጣ ነው። ላባዋን ከአጥሩ ሥር አገኘነው።

ኤዶ አላለቀሱም። እንቁላሎቹን በሻርፓቸው ጠቅልለው ወደ ቤት አስገቡ። ካርቶን ውስጥ አሸዋ አደረጉ፣ ከላይ አምፖል አንጠለጠሉ፣ ከጎን እርጥብ ጨርቅ አኖሩ። ከዚያ ተቀምጠው ያዩት ጀመር። ለሶላት ብቻ ይነሱ ነበር።

በሃያኛው ቀን አንዱን እንቁላል ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ሳቁ። ለሰሚራም ጆሮዋ ላይ አደረጉላት። ከዚያ ለእኔ። ከውስጥ «ጪጭ» ይላል።

ኤዶ እኔን እያዩ አንድ ነገር ተናገሩ። ሰሚራ እየሳቀች ተረጎመችልኝ።

«እማ፣ እነዚህ ከጠፉ አንቺና እኔ አንድ ግቢ አንኖርም አለች።»

«አንቺስ?» አልኳት እኔም ለቀልድ።

ጠየቀቻቸው። ኤዶ ጸጉሯን እየዳበሱ መለሱላት።

«እኔማ የእሷ ነኝ አለችኝ» አለች ሰሚራ።

ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ዓይናቸውን አይቼ አውቄያለሁ። ከዚያ ግቢ ብወጣ የምገባበት አልነበረኝም።

በሃያ አንደኛው ቀን ጠዋት ኤዶ አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር ለቅሶ ነበረባቸው፤ የማይቀርበት ዘመድ። ሲወጡ ካርቶኑን አሳዩኝ፣ አምፖሉን አሳዩኝ፣ ጣታቸውን አነሱብኝ። «ሃ» አልኩ። ሰሚራ ዱግሲ ሄደች።

አራት ሰዓት ገደማ አምፖሉ ጠፋ።

መጀመሪያ የተቃጠለ መስሎኝ ነበር። የወጥ ቤቱንም ሞከርኩ፤ የለም። ጎረቤትም መብራት የለም። ካርቶኑ ውስጥ እጄን ብሰድ አሸዋው ገና ይሞቃል። ሁለቱ እንቁላሎች ጫፋቸው ተሰንጥቆ ቀዳዳው ውስጥ ትንሽ ምንቃር ይታያል። ሌሎቹ ውስጥ ድምፅ አለ።

ለኤዶ ደወልኩ።

«ኤዶ! መብራት የለም! የለም!» አልኩ በሶማልኛዬ።

ከጀርባቸው ሰው ይንጫጫል፤ ቁርኣን ይቀራል፤ የሆነች ሴት ታለቅሳለች። ኤዶ ጮክ ብለው፦

«ኡኩንታ ዲሪ! ቶሎ! ዲሪ!»

ኡኩንታ እንቁላሉ ነው። ይህን አውቃለሁ። ሁለተኛውን ቃል ደግሞ በየቀኑ እሰማዋለሁ። ድንች ሲሰጡኝ «ዲር» ይላሉ፣ ሽንኩርት ሲሰጡኝ «ዲር» ይላሉ። ላጪ ማለት ነው።

«ገባሽ?» አሉኝ።

«ሃ» አልኩ። «ሃ፣ ሃ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ቆሜ አሰብኩ። እናቴ አላህ ይርሐማት፣ ዶሮ ስታስታቅፍ ጫጩት በሚወጣበት ቀን ወደ ጎጆው እንኳ አታስጠጋንም ነበር። «ሰብሮ የሚወጣው ራሱ ነው፤ የሰው እጅ ከገባበት ይሞታል» ትለን ነበር። ይህን አውቃለሁ። ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ግን ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ አምፖሉ ጠፍቷል፣ እናት የላቸውም፣ ውስጥ ሆነው በብርድ ከሚሞቱ ቢወጡ ይሻላል፤ ሴትዮዋ ከእኔ ያውቃሉ። መልሼ መደወል እችል ነበር። ሰሚራን ከዱግሲ መጥራት እችል ነበር፤ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ሁለቱንም አላደረግኩም። «ሃ» ብያለሁና።

እጄን ታጠብኩ። ንጹሕ ጨርቅ አነጠፍኩ። ቢስሚላህ ብዬ የመጀመሪያውን ያዝኩ።

ምንቃሩ የወጣው ነበር። ቅርፊቱን በጥፍሬ ገለጥ ገለጥ አደረግኩለት። ወጣ። እርጥብ ነው፤ ግን ይንቀሳቀሳል። ደስ አለኝ። ሁለተኛውም ወጣ። ሦስተኛው ገና አልተሰነጠቀም ነበር። በማንኪያ ጀርባ መታ አደረግኩትና ላጥኩት። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ላይ ቀጭን ደም ሥር ነበር። ሲቀደድ ደም ጨርቁ ላይ ፈሰሰ። ጫጩቱ ሆዱ ላይ አስኳሉ ገና አልገባም፤ ተንጠልጥሏል። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ይኸኛው ደካማ ስለሆነ ነው ብዬ አራተኛውን አነሳሁ። በእያንዳንዳቸው ላይ ቢስሚላህ እያልኩ ዘጠኝ ላጥኩ።

አሥረኛውን ይዤ ሳለ ሰሚራ ገባች። ሰሌዳዋን አቅፋ ነበር።

«እማ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«መብራት ጠፍቶ ነው። ኤዶ ላጪ ብለውኝ ነው።»

«ኤዶ?» ጨርቁን አየች። «ምን አለችሽ? ቃሉን ንገሪኝ።»

«ዲር።»

«ዲር ነው ዲሪ?»

መጨረሻ ላይ የሆነች ነገር ነበረች። ሰምቻት ነበር። ቁም ነገር አልመሰለችኝም።

«እማ፣ ዲር ላጪ ነው። ዲሪ አሙቂ ነው» አለችኝ። «አሙቂያቸው ነው ያለችሽ።»

ሰሌዳዋን ጣለች። የያዝኩትን እንቁላል ከእጄ ቀምታ ገና ካልነካኋቸው ሁለቱ ጋር በሻሽዋ ጠቀለለችና በቀሚሷ ሥር ከሆዷ ላይ አሰረቻቸው። ከዚያ ዘጠኙን ማየት ጀመረች። ሦስቱ ሞተዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንኳ አንገታቸውን መያዝ አልቻሉም። አልጮኸችብኝም። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

የግቢው በር ተከፈተ።

ኤዶ ለቅሶውን ሳይጨርሱ ነው የመጡት። በር ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ገቡ። ካርቶኑን አዩ፣ ጨርቁን አዩ፣ ቅርፊቱን አዩ። ድምፃቸውን አላነሱም። አንድ አጭር ነገር ጠየቁ።

ሰሚራ ወደ እኔ ዞረች። ሥራዋ ነውና። «ማን ነው ይህን ያደረገው? ትላለች» አለችኝ።

እዚህ ላይ ብዕሬን ብዙ ጊዜ አንስቼ አስቀምጫለሁ። በዚያች ቅጽበት ያየሁት መንገዱን ነበር፤ እኔና ልጄ እቃችንን ይዘን አስፋልት ዳር ቆመን። ሌላ ምንም አላየሁም። በአማርኛ እንዲህ አልኳት፦

«እኔ ነኝ በያት።»

ሰሚራ አየችኝ። አልገባትም ነበር።

«አንቺ እንደሆንሽ ንገሪያት» አልኳት እንደገና። «ያደረግሁት እኔ ነኝ በያት። አንቺን ምንም አታደርግሽም፤ ልጅ ነሽ፤ ትወድሻለች። እኔን ታባርረኛለች።»

ልጄ ወደ ኤዶ ዞረች። «አኒጋ» አለች። «እኔ» ማለት ነው። ከዚያ ሌላ ነገር ጨመረች። እሱን አልተረዳሁትም።

ኤዶ እሷን አላዩም። እኔን አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ በጣታቸው የግቢውን መሬት አሳዩዋት፤ ተቀመጪ። ተቀመጠች። ዘጠኙንም አንድ በአንድ እያነሱ በጭኗ ላይ አስቀመጡላት፤ የሞቱትንም ያልሞቱትንም።

«ሁሉም እስኪሞቱ አትነሺም» አሏት። ይህን ያለ ተርጓሚ ተረዳሁት።

ሰሚራ ጨርቅ ልታለብሳቸው እንድትችል ጠየቀች። አይሆንም። ውኃስ? አይሆንም። ፀሐዩ አናቷ ላይ ነበር።

ኤዶ ወደ እኔ መጥተው አንድ ሳህን ሽንኩርት እጄ ላይ አኖሩ። «ባሰሻ ዲር» አሉኝ። ሽንኩርቱን ላጪ ማለት ነው። የመጨረሻዋን ቃል ለይተው፣ አፋቸውን ከፍተው ነው ያሏት። «ዲር።»

«ሃ» አልኩ።

ወጥ ቤቱ በር ላይ ተቀምጬ ላጥኩ። ከዚያ ቦታ ልጄ ፊት ለፊት ትታየኛለች። ዓይኔ ያነባ ነበር፤ ሽንኩርቱ ነው ብል የሚያምነኝ አገኝ ነበር። አንድ ጊዜ ተነሳሁ። ኤዶ ምንጣፋቸው ላይ ሆነው ቀና አሉ። መልሼ ተቀመጥኩ። ለምን እንደተቀመጥኩ እንዳትጠይቁኝ። ሰው ከልጁ የሚያስበልጠው ነገር አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር። አለ። ጣሪያ ነው።

የቀትሩ ዙህር አዛን አለ። ኤዶ ሰገዱ። እኔም ሰገድኩ። ፋቲሓ አፌ ላይ አለ፤ ከዚያ አላለፈም። ሰሚራ ቁጭ እንዳለች ናት። አንዱ ሲያልፍ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ለሞተ የሚባለውን ኢንና ሊላሂ እያለች ነው። ከዚያ ጫጩቱን በጣቷ ገፋ አድርጋ ከሞቱት ጋር ታስተኛዋለች። ስንት እንደቀራት ደግማ ትቆጥራለች።

ጎረቤት አንዲት ሴት ውኃ ልትጠይቅ መጥታ አየች። «ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?» አለች ለኤዶ።

«ትማር» አሏት ኤዶ።

ሴትዮዋ እኔን አየችና አንገቷን ነቅንቃ ሄደች። ሽንኩርቱ አልቆ ነበር። እንደገና ሌላ ሳህን አመጡልኝ። የሚበላው ሰው በግቢው አልነበረም።

የመጨረሻው ጫጩት ያለፈው ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያወጣሁት ነበር፤ ጠንካራው። ሰሚራ ስትነሳ እግሯ አልታዘዝ ብሏት ወደቀች። ሮጬ ልይዛት ስል እጄን ገፋችው። በጉልበቷ ሄዳ ኤዶ ፊት ደረሰች። ከቀሚሷ ሥር ሦስቱን እንቁላሎች አወጣችና ሰጠቻቸው። ያን ሁሉ ሰዓት ከሆዷ ላይ ነበሩ።

ኤዶ እንቁላሎቹን ተቀበሉ።  መብራቱ ከመጣ ቆይቶ ነበር። ወደ ካርቶኑ መለሷቸው። ከእኛ ጋር ሌላ ቃል አልተናገሩም።

በዚያ ምሽት ሰሚራ አልበላችም። ይቅር በይኝ አልኳት። «አልራበኝም» አለችኝ። ሌላ ነገር የጠየቅኳት ይመስል።

በማግስቱ ከፈጅር ሶላት በኋላ ለኤዶ እውነቱን ለመናገር ቆረጥኩ። ሰሚራን «ነይ፣ ተርጉሚልኝ» አልኳት።

«አልመጣም» አለች። ሂጃቧን እያሰረች ነበር። «ራስሽ ንገሪያት።»

«ቋንቋውን አላውቅም።»

ሂጃቧን ማስተካከሏን ቀጠለች።

«እሺ፣ አንድ ቃል ብቻ። ዋሸሁ እንዴት ነው የሚባለው?»

ፒኗን ሰካች፣ ነቀለች፣ እንደገና ሰካች። የማትመልስልኝ መሰለኝ።

«ቤን ባን ሼገይ» አለች ወደ ግድግዳው።

ግቢውን ሳቋርጥ እንዳይጠፋኝ በየእርምጃው እደግመዋለሁ፤ ቤን ባን ሼገይ፣ ቤን ባን ሼገይ። ኤዶ ካርቶኑ አጠገብ ተቀምጠዋል። ከሦስቱ አንዱ ተፈልፍሎ አምፖሉ ሥር ላባው ደርቆ ቆሟል። ሁለቱ ውስጥ ድምፅ አልነበረም።

ፊታቸው ቆምኩ። «አኒጋ» አልኩ ደረቴን እየመታሁ። «ቤን ባን ሼገይ።»

ቀና አሉ። ከዚያ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ እያሉ ተናገሩኝ። ያልገባኝን ደገሙልኝ። በእጃቸውም አሳዩኝ። ያን ጠዋት ያልተረዳሁት ቃል አልነበረም።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ስልኩን ያነሳሽው አንቺ ነሽ። ልጅቷ ዱግሲ ነበረች።»

«ትናንት ታውቂ ነበር?» አልኩ በተሰባበረ ሶማልኛዬ። አንቱ ማለት በሶማልኛ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ያለም አይመስለኝም።

«እንደገባሁ አውቄያለሁ።»

«ለምን አስቀመጥሻት?»

«ትናገሪ እንደሆነ ብዬ። ዙህርን ጠበቅኩሽ። አስርን ጠበቅኩሽ።» ጣታቸውን እንደ ቢላ አድርገው አሳዩኝ። «ሽንኩርት ላጥሽ።»



«እኔ ነኝ ካለች በኋላ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «‹እናቴ አትንኪ ብላኝ ነበር፤ አልሰማኋትም› አለችኝ። አንቺ ስትሸጫት እሷ አንቺን ትገዛለች።»

ያን ጊዜ ነው መሬት ላይ ቁጭ ያልኩት።

«እንቁላሉን እተውልሽ ነበር» አሉ። «ሰው ይሳሳታል። አንቺ ሂጂ። ልጅቷ ትቅር። እኔ አሳድጋታለሁ፣ አስተምራታለሁ። ከአንቺ ጋር ምን ትሆናለች?»

ሰሚራ በሩ ላይ ነበረች። መቼ እንደመጣች አላውቅም። ኤዶ እጃቸውን ዘረጉላት። «ነይ፣ የኔ ልጅ» አሏት።

ልንቀሳቀስ፣ ላለቅስ፣ ልለምናት እችል ነበር። አልደፈርኩም። የምትመርጠው ከሁለት ሴቶች ነው፤ አንዷ ኮንክሪት ግቢ፣ መብራት፣ ትምህርት ቤት አላት። ሌላዋ ትናንት ሸጣታለች። ሕሊና ያለው ሰው ነይ ሊላት አይችልም። ዝም አልኩ። በዚያ ዝምታዬ አላፍርም፤ በቀደመው ነው የማፍረው።

ሰሚራ ኤዶን አንድ ነገር ጠየቀች።

«ስታስቀምጪኝ ያደረግኩት እኔ እንዳልሆንኩ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ጫጩቶቹ ሲሞቱም?»

 የኤዶ የተዘረጋ እጅ ቀስ ብሎ ጭናቸው ላይ ወረደ።

ልጄ ወደ ክፍላችን ሄደች። ስትመለስ ፌስታል ይዛ ነበር፤ የእሷም የእኔም ልብስ። «እንሂድ» አለችኝ በአማርኛ። ደስታዬን ልትነጥቀኝ የፈለገች ይመስል ወዲያው ጨመረች፦ «ግን ከዛሬ ጀምሮ አልተረጉምልሽም። መቼም።»

መንገድ ላይ ባጃጅ አስቆምን። ሹፌሩ አንድ ነገር ጠየቀኝ። እንደ ልማዴ ወደ ሰሚራ ዞርኩ። በሌላው ጎን የሚያልፈውን ሰው ታያለች። ሹፌሩ ደገመው። «ሃ» ልል አፌን ከፈትኩ።

«ማን ፋህሚን» አልኩ። አልገባኝም ማለት ነው። ሌሎች ሲሉት ሰምቼ አውቀው ነበር፤ በራሴ አፍ ስለው ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ሰውዬው አልተቆጣም። አልሳቀም። ቀስ ብሎ እንደገና ጠየቀኝ። ወዴት ነው የምትሄዱት? ነው ያለው። አራት ዓመት ሙሉ የፈራሁት ይኸው ነበር።

አሕመድ ዳጋህ ሰፈር የአገሬ ልጅ ሩቂያ ነበረች። ሳምቡሳ ትሠራለች። አልጠየቀችንም፤ ምንጣፍ ጠቀለል አድርጋ ቦታ ሰጠችን። እስካሁን አብረን እንሠራለን። አልሐምዱሊላህ።

ያ አንድ ጫጩት አደገ። አውራ ሆነ። ብቻውን አውራ ዘር አያስቀጥልም። ኤዶ ለዒድ አሳርደውት አንድ እግሩን በሰው እጅ ለሰሚራ ላኩላት። ትጥለዋለች ብዬ ነበር። ተቀምጣ እስከ አጥንቱ በላችው። ከዚያ እጇን ታጥባ መስገጃዋን አነጠፈች። በዓመቱ ኤዶ ታመሙ ሲባል ሁለታችንም ሄደን ጠየቅናቸው። በገዛ ሶማልኛዬ «ዓፉ በዪኝ» አልኳቸው፤ ይቅር በዪኝ ማለት ነው። «አላህ ይበልሽ» አሉኝ። እሳቸው አላሉኝም። አልጠበቅኩም። ከሰሚራ ግን ምንም አልጠየቁም፤ እጇን ብቻ ይዘው ቆዩ። በዱዓዬ አልረሳቸውም፤ በችግሬ ቀን ያስገቡኝ እሳቸው ናቸውና። ዘራቸውን ያጠፋሁት ደግሞ እኔ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በሰው አገር ያላችሁ እህቶቼ፤ ምክር አልሰጥም፣ ለዚያ የሚሆን ፊት የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልበላችሁ። ያልገባችሁን «አዎ» አትበሉ። እኔ «ሃ» ያልኩት ሥራዬን ላለማጣት ነበር። አንዷ «ሃ» ዘጠኝ ጫጩት ገደለች፤ እሷን ለመሸፈን ልጄን ሰጠሁ። «አልገባኝም» ብል የሚደርስብኝ ቢበዛ ቁጣ ነበር።

ልጆቻችሁ የሚተረጉሙላችሁ ከሆነ ደግሞ፣ በምትናገሩት ሁሉ ውስጥ የሚያልፉት እነሱ መሆናቸውን እወቁ። ክፉ ቃላችን ለባለቤቱ ከመድረሱ በፊት በእነሱ አፍ ነው የሚያልፈው።

ሰሚራ ዛሬ አሥራ አምስት ሆናለች። ቃሏን ጠብቃለች። ሐኪም ቤት፣ ገበያ፣ የቤት አከራይ ዘንድ፣ አጠገቤ ቆማ ስሰናከል ታየኛለች እንጂ አንድ ቃል አታቀብለኝም። ሶማልኛ የተማርኩት እንዲህ ነው። ይቅር ብላኛለች ወይ ብትሉኝ አላውቅም። አብረን እንበላለን፣ አብረን እንሰግዳለን፣ ስታመም ታስታምመኛለች። ይህም ብዙ ነው። ለዚህ አላህን አመሰግናለሁ።

ባለፈው ወር ትምህርት ቤቷ የወላጅ ስብሰባ ነበር። አስተማሪዋ ስለ ውጤቷ ብዙ ነገረችኝ፤ ያልገባኝን እንድትደግም ጠየቅኳት፣ ደገመችልኝ። መጨረሻ ላይ አመሰግንሻለሁ፣ ልጄን አደራ ልላት ፈልጌ አንድ ቃል ተሳሳትኩ። አስተማሪዋ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ምን እንዳልኩ ግን አላወቅኩም።

ከበሩ ወጥተን መንገዱን ስናቋርጥ ሰሚራ ከጎኔ ነበረች። የሚመጣውን መኪና እያየች፣ እኔን ሳታየኝ፣ ትክክለኛውን ቃል ተናገረች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብላ።

ደገምኩት።

«እንደሱ አይደለም» አለች። እንደገና አለችልኝ።

እንደገና ደገምኩት።